ጣሳ ውስጥ የቀሩት አራት ብሎኖች

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ በትንሽ ትራክተር ዛፍ የሚነቅል ገበሬ ነው፤ ሌላው ሐኪም ሲጠይቀው የሚዋሽ ሰው ነው። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። ስሜ ይማም ይባላል። በጨፋ ሜዳ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ማሽላና ማሾ የማመርትበት መሬት አለኝ። ሚስቴ ዘሃራ ትባላለች፣ ሀያት የምትባል ሴት ልጅ አለችን።

ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ሰው ቤት ተጋብዤ እንኳ እጄን ሳልታጠብ የምነሳ ነኝ። ሻይ ቆሜ ነው የምጠጣው። ሰው ሲያወራ አረፍተ ነገሩን እኔ ነኝ የምጨርስለት። ዘሃራ «የሀያት አባት ወረፋ ያለበት ጀነት ቢያገኝ ትቶ ይመለሳል» እያለች ለጎረቤት ታወራብኛለች። ይህን የምነግራችሁ ለጨዋታ አይደለም፣ ሊገድለኝ የነበረው ይኸው ጠባዬ ስለሆነ ነው።

ከታናሽ ወንድሜ ከሙሄ ጋር አንድ ትንሽ ትራክተር አለን። ፊቱ ላይ ሎደር ተገጥሞለታል፤ በሁለት የብረት ክንድ ከፍና ዝቅ የሚል ሰፊ አካፋ ማለት ነው። ከወንበሩ በላይ ደግሞ በአራት ወፋፍራም ብሎን የታሰረ የብረት ማቀፊያ ከነጣሪያው ነበረው። እኛ «ጥላው» ነበር የምንለው፣ ለፀሐይ የተሠራ ነበር የመሰለን። ትራክተሩን ያመጣልን ሰውዬ ግን ነግሮን ነበር። ትራክተሩ ቢገለበጥም ሆነ ከላይ ነገር ቢወድቅ ነፍስ የሚያተርፈው ይኼ ብረት ነው ብሏል። ዘሃራ ቆማ አዳመጠችው። እኔ በዚያ ሰዓት የሎደሩን መዘውር ወደ ላይ ወደ ታች እያደረግኩ እሞክር ነበር።

ከዚያ የሙሄ ሠርግ መጣ። በኛ አካባቢ ዛሬ ዛሬ ሙሽራ በትራክተር መሄዱ ትልቅ ክብር ነው። ጎረምሶቹ ትራክተሩን በጨርቅና በአበባ ካስጌጡት በኋላ አንዱ «ሙሽራው እኮ አይታይም፣ ጥላው ይነሳ» አለ። ሁሉም ተቀበለው። እኔም ሳላመነታ መፍቻ አምጥቼ አራቱን ብሎን ፈታሁና ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተትኳቸው። ሙሄ ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን ይዞ፣ ከፊት ከኋላ በኦሮምኛም በአማርኛም እየተዘፈነልን ሄድን። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሠርጉ አለቀ፣ ብረቱ ግን አልተመለሰም። ጎተራው ላይ እንደተደገፈ ቀረና ዶሮዎች ማደሪያ አደረጉት። ዘሃራ በሳምንት ሁለት ጊዜ «መቼ ነው የምትመልሰው?» ትለኛለች። «ነገ፣ ኢንሻአላህ» እላታለሁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከማሳው ዳር ያሉትን ያረጁ ግራሮች ነቅዬ ማሾ ልዘራበት አሰብኩ። ይህን ስትሰማ በር ላይ ቆመች።

«ብረቱን ሳትመልስ ዛፍ ልትነካ ነው?»

«ወላሂ ሳልመልሰው አንድ ዛፍ አልነካም» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት መፍቻውን ብፈልግ ጎረቤት ወስዶታል። ጎረቤቱ ደግሞ ከሚሴ ገበያ ሄዷል። ሙሄ መጥረቢያና ገመድ ይዞ ከዙህር ሰላት በኋላ እንደሚመጣ ነግሮኛል። ታዲያ እስከዚያ ምን ልሥራ? ጓሮውን ሁለቴ ዞርኩት። ላሟን ያለ ሰዓቷ ውኃ አጠጣኋት። ከዚያ አንዱን ትንሽ ግራር ብቻ ብዬ ትራክተሩን አስነሳሁት። ዘሃራ ወፍጮ ቤት ነበረች።

ግራሩ የሰው ጭን ያክላል፣ ጫፉ ደርቋል። ጫፉን ቀና ብዬ አላየሁትም። ሥሩን ዙሪያውን ሳልቆፍር፣ ሳልቆርጥ፣ አካፋውን ከፍ አድርጌ ከግንዱ ወገብ በላይ ገፋሁት። ከላይ ሲገፋ ቶሎ ይወድቃል ብዬ ነው። ዛፉ ወደፊት ዘንበል አለና ተመለሰ። እኔም ወደ ኋላ ብዬ ደግሜ ገፋሁት፣ ደግሞ ተመለሰ። በሦስተኛው ላይ ደረቁ ቅርንጫፍ ከአናቱ ተገንጥሎ ወደ እኔ መጣ። ጥላው ቢኖር ኖሮ ጣሪያው ላይ ያርፍ ነበር። ጥላው ስላልነበረ የኔ አናት ላይ አረፈ።

ዓይኔ ጭልም አለ። ስነቃ መሪው ላይ ተደፍቼ ነበር፣ ሞተሩ እንደበራ ነው። ምን ያህል እንደቆየሁ እስካሁን አላውቅም። ራሴን ብዳብሰው እብጠት አለ እንጂ ደም የለም። ደም ከሌለ ጉዳት የለም አልኩ። ቦርከና ወርጄ ፊቴን ታጠብኩ። ሙሄ ሲመጣ ግንድ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ለእሱ ይኼ ራሱ እንግዳ ነገር ነው።

«መል ታቴ አያ? ምን ሆነህ ነው?»

«ፀሐይ ነው» አልኩት።

ማታ ዘሃራ እብጠቱን አይታ ጠየቀችኝ። የጎተራው በር መታኝ አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። በአላህ ስም ምዬ በማግስቱ ማፍረሴን ለማን ልንገር? እብጠቱ በሳምንቱ ጠፋ፣ እኔም ረሳሁት።

ሁለት ሳምንት ደህና ነበርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ራሴ ይከብደኝ ጀመር። ሕመም ብቻ አይደለም፣ ማሽላ የተሸከምኩ ይመስል ይጫነኛል። ከዚያ የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ እየቀረ ሳላውቀው ሃያ እርምጃ እሄዳለሁ። የሻይ ብርጭቆ ከግራ እጄ ወደቀ፣ ሳቅን። ሁለተኛ ወደቀ፣ አልሳቅንም። የከሰዓቱ የአስር ሰላት ላይ አራቱን ረከዓ ሰግጄ አምስተኛውን ስጀምር ሀያት ከኋላዬ «አባዬ፣ ጨርሰሃል» አለችኝ። በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል። ዘሃራን ያስደነገጣት ግን ከሁሉም በላይ መቀመጤ ነው። ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። «ይኼ ሰውዬ ቁጭ ብሏል፣ አንድ ነገር ሆኗል» ብላ ለሙሄ ነገረችው።

ከሚሴ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ደም ወሰዱና ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ አሉኝ። በኛ አገር ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ እነዚህ ሁለቱ አሉበት። አሥር ቀን ክኒን ዋጥኩ። ክኒኑ አለቀ፣ ራስ ምታቱ አላለቀም። ወጌሻ ዘንድም ሄድኩ፣ ግራ እጄን በቅቤ አሽቶ ጅማት ዞሯል አለኝ። እጄ ለሰለሰ እንጂ አልበረታም።

ሁለተኛው ክሊኒክ ረጅም አግዳሚ ወንበር ያለው፣ ቴሌቪዥኑ ድምፅ የሌለው ነበር። ወረፋ ስጠብቅ እንደ ድሮዬ ልነሳ እልና እግሬ አይታዘዘኝም። ውስጤ ይሯሯጣል፣ ሰውነቴ ግን ቁጭ ብሏል። ከዚህ የባሰ ሥቃይ አላውቅም። ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የወባ ምርመራ አዘዘ፣ የለም ተባለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣

«በቅርቡ ወድቀህ ወይም ራስህን ተመትተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

ዘሃራ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ታየኛለች። ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ኧረ አላውቅም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጭንቀት ነው አለ፣ የነርቭ ቪታሚን መርፌ አዘዘልኝ። በሐኪሙ አልፈርድም። የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፣ ያጣው ትክክለኛውን መልስ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ፈራሁ። ሞት ብቻ አይደለም ያስፈራኝ፣ እንዲህ ደንዝዤ፣ በሰው እጅ እየጎረስኩ ደጃፍ መቅረትም ጭምር ነው።

መርፌው አልቆ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ቃላት ይጠፉኝ ጀመር። ሙሄ ባቲ አንድ መድኃኒት አዋቂ አለ ሲሉ ሰምቶ፣ በገበያው ቀን ሊወስደኝ ቆረጠ። ሚኒባስ ተነጋገረ። ከመሄዳችን በፊት ባለው ቀን፣ ከዙህር በኋላ፣ ጎረቤቶች ዱአ ሊያደርጉልኝ ተሰበሰቡ። ሼህ አደም የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቀስ ብለው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ድሮ እሳቸው አጠገብ ስቀመጥ ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር።

«ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» አሉኝ፣ ጌታ ይፈውስህ ማለታቸው ነው። «እንግዲህ መንገደኛ ነህ፣ ታመህም ነው የምትሄደው። ከዱአው በፊት ከቤተሰብህ አውፍ ተባባል።»

ይኼ በኛ ዘንድ የተለመደ ነው። መንገድ የሚሄድም የታመመም ሰው አውፍ በሉኝ ይላል፣ ይቅር በሉኝ እንደማለት ነው። ሌላው ቶሎ ብሎ አውፍ ብያለሁ ይላል፣ ከምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሙሄን አውፍ በለኝ አልኩት፣ «አውፍ ብያለሁ አያ፣ አንተም አውፍ በለኝ» አለና ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወደ ዘሃራ ዞርኩ። በሩ ጋ ቆማለች።

«ዘሃራ፣ አውፍ በይኝ።»

«ከምኑ?» አለች።

ሼህ አደም እንኳ ቀና አሉ።

«ከ... ከሁሉም።»

«ለሁሉም የሚሆን አውፍ የለኝም። ከምኑ? ንገረኝና እላለሁ።»

ይኼኔ ውስጤ ሲሯሯጥ የሰነበተው ነገር የሚሄድበት አጣ። ቃላቱ እየጠፉኝ፣ አንዱን ስይዝ ሌላው እየሸሸኝ፣ አወጣሁት። ብረቱን ሳልመልስ ዛፍ መንካቴን፣ መሐላዬን ማፍረሴን፣ ቅርንጫፍ አናቴን መትቶኝ ራሴን መሳቴን፣ የጎተራ በር ብዬ መዋሸቴን። ከእፍረት የተነሳ ምንጣፉን እያየሁ ነው የተናገርኩት። ሲያልቅ የማለቅሰው እኔ እንደሆንኩ ያወቅሁት ሙሄ ፎጣ ሲያቀብለኝ ነው።

«ራስህን ስተህ ነበር?» አለች ዘሃራ።

«አዎ።»

«ያ ልጅ ሲጠይቅህ፣ ያ ሐኪም፣ አጠገብህ ተቀምጬ?»

«አዎ።»

ሼህ አደም ለዱአ የዘረጉትን እጃቸውን አጠፉ። «ይኼ ለኛ የሚነገር አይደለም፣ ለዶክተር የሚነገር ነው። ሙሄ፣ ባጃጅ ጥራ።»

«ዱአውስ ሼህ?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«መንገድ ላይ እናደርገዋለን። አሁን ተነሱ።»

እሳቸውን እንደዚያ ሲቸኩሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዘሃራ ነጠላዋን ለብሳ ክንዴን ያዘች። «ተነስ» አለችኝ። አውፍ ግን አላለችም።

ሆስፒታል ስንደርስ ከኔ በፊት እሷ ተናገረች። «ባሌ ከአንድ ወር በላይ ሆኖታል፣ ዛፍ ራሱን መትቶት ራሱን ስቶ ነበር» አለች። ሐኪሟ ሴት ናት፣ ወዲያው ከወንበሯ ተነሳች። ሁለት እጅህን ወደፊት ዘርጋ፣ መዳፍህን ወደ ላይ አድርግ፣ ዓይንህን ጨፍን አለችኝ። እኔ ሁለቱም ቀጥ ብለው የቆሙ መስሎኝ ነበር። ዓይንህን ግለጥ ስትለኝ ግራ እጄ ወርዶ ጉልበቴ አጠገብ ደርሷል። ቤተሰቤ ሁሉ እጄን እያዩ ነበር። በዚያው ቀን በአምቡላንስ ደሴ ላኩኝ።

ደሴ ሲቲ ስካን አነሱኝ፣ የራስን ውስጥ የሚያሳይ የራጅ ዓይነት ነው። ሐኪሙ ምስሉን ለሙሄና ለዘሃራ አሳያቸው። የራስ ቅሉ ነጭ፣ በቀኝ በኩል ከሥሩ እንደ ጨረቃ ቅስት የመሰለ ግራጫ ነገር ተኝቷል፣ አንጎሌን ወደ ግራ ገፍቶታል። የቆየ ደም ነው አለ። ሲመታኝ ቀጭን የደም ሥር ተበጥሶ፣ ጠብ ጠብ እያለ ሳምንታት ሙሉ ሲጠራቀም ነበር። ለዚህ ነው መጀመሪያ ደህና የመሰልኩት። ቀኝ አንጎል ግራ እጅን ስለሚያዝዝ ነው ብርጭቆው ይወድቅ የነበረው።

«ባቲ ሄደን ቢሆንስ?» አለ ሙሄ።

«አሁን መጥታችኋል» አለ ሐኪሙ።

ራሴን ላጩኝ። አጥንቱን ሁለት ቦታ በስተው ደሙን አጥበው አወጡ፣ ቀጭን ቱቦ ከነከረጢቱ ተዉልኝ። ከዚያ የመጣው ትእዛዝ ከቀዶ ሕክምናው የከፋ ነበር። ለሁለት ቀን ሳትነሳ፣ ሳትዞር ተጋድመህ ቆይ አሉኝ። ጭንቅላቴ ቀለል ባለ ቁጥር የድሮው ቅብጥብጥነቴ ይመለሳል፣ እኔ ግን እንደ ግንድ ተጋድሜያለሁ። የጣሪያውን ቆርቆሮ ምስማር ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ መስቀል አንገቷ ላይ ያሰረች ትልቅ ሴትዮ፣ «አንተ ልጅ፣ አልጋውን ልትሰብረው ነው» ብላ አልጋዬን ነርሷን አስፈቅዳ ወደ መስኮቱ ገፋችልኝ። ከዚያ መኪና ሲያልፍ እያየሁ ቀኑ አለፈልኝ። ስሟን ሳልጠይቃት መውጣቴ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ቀን ዘሃራ ሻይ አመጣች። ብርጭቆውን በቀኜ ልቀበል ስል ወደ ግራ እጄ አዞረችው። ያዝኩት። ተንቀጠቀጠ፣ ግን ያዝኩት። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አሁን ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» ነው ያለችው።

ቤት ከገባሁ በኋላ ሦስት ወር ትራክተር አትነካም ተባልኩ። ጠያቂ ሲመጣ በሩ ጋ ተቀብዬ በሩ ጋ እሸኛለሁ፣ ቁጭ በል ሲሉኝ እነሳለሁ፣ ዘሃራም በዚህ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ኋላ ሰለቻት። ላፈረስኩት መሐላ ሼህ አደም አሥር ሚስኪን አብላ ብለውኝ አበላሁ። ከአላህ ጋር ተስተካከልኩ ብዬ ተስፋ አደረግኩ። የቀረው የዘሃራ ነገር ነው። አንድ ቀን እንጨት ስትፈልጥ ሄጄ «አውፍ በይኝ እንጂ» አልኳት። «ምሳ ደርሷል» አለችኝ። ሌላ ቀን በሙሄ አስለመንኳት። ለሙሄም ምሳ ሰጠችው። እኔ እኮ ለአንድ ሻይ መፍላት የማልታገስ ሰው ነኝ፣ ለአንዲት ቃል ሦስት ወር በአንድ እግሬ አቆመችኝ።

ደሴ ተመልሼ ምስሉ ሲነሳ ጨረቃው ጠፍቷል። ሥራ መጀመር ትችላለህ ተባልኩ። በማግስቱ ጠዋት ሙሄን ጠርቼ፣ መፍቻውን ከጎረቤት አስመልሼ፣ ዶሮዎቹን አባርሬ ብረቱን ከጎተራው አነሳነው። ጣሳውን ፍለጋ መደርደሪያውን ሳተራምስ ዘሃራ ከኋላዬ መጣች። ጣሳው እጇ ላይ ነው። ብሎኖቹ ዝገታቸው ተፍቆ፣ ዘይት ተቀብተው፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለዋል።

አንድ በአንድ አቀበለችኝ። አራተኛው ሲጠብቅ መፍቻውን ከእጄ ተቀብላ ትራክተሩ ላይ ወጣች። አራቱንም በየተራ በሙሉ ክብደቷ ተጭና ሞከረቻቸው። ከዚያ ወርዳ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አለች።

ሙሄ ትራክተሩን እንደሚያይ ሰው ዞር አለ።

«ዛሬ ገና?» አልኳት።

«ደሴ ነው በልቤ ያልኩህ፣ ራስህን ሲላጩህ። ያኔ ብነግርህ ግን ይኼ ብረት ዛሬም ዶሮ ያድርበት ነበር።»

የቀሩትን ግራሮች ያን ሳምንት ነቀልናቸው። መጀመሪያ ጫፉን ቀና ብዬ አያለሁ። ደረቅ ቅርንጫፍ ካለው በትራክተር አልነካውም፣ በገመድና በመጋዝ ለሚያወርድ ሰው እተወዋለሁ። ሥሩን ዙሪያውን ቆፍረን እንቆርጣለን፣ አካፋውን ዝቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ነው የምገፋው፣ ተመልሶ የሚወዛወዝ ዛፍ ካለ አቁሜ ሥሩን እንደገና እንቆርጣለን። የወንበሩን ቀበቶ አስራለሁ፣ ሙሄ ከዛፉ ቁመት እጥፍ ርቆ ቆሞ ያያል፣ እሱ ካልመጣ ትራክተሩ አይነሳም። ሲዘገይ ያው ማሳውን እዞራለሁ፣ ላሟን ያለ ሰዓቷ አጠጣለሁ። ማታ ስገባ ዘሃራ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ «ዛሬ ራስህን የመታህ ነገር አለ?» ትለኛለች። ባለፈው የበሩ ጉበን በእርግጥ መታኝ፣ እሱንም ነገርኳት።